የአጎት አምብሮዝ ትከሻ

ግሬፕል ወሽመጥ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ካናዳ
ኖቬምበር 5 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ ለደርሞት፤

የእመቤታችን ጥላ ከአንተም፣ ከባለቤትህ ከንጋዮም፣ ከሕፃኗም ራስ ላይ አይገፈፍ። እኛ ከነብርዱ ከነነፋሱ አለን፤ ስሙ ይመስገን። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከኝ፣ አንድ ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ ስልክ ማለት ለእኔ የባሕር ጩኸት ነው። ወረቀት ግን ቀስ ብሎ ያወራል፤ ያልገባኝንም መልሼ አነበዋለሁ።

የመንደሩ ወሬ ይኸውልህ። ባለፈው ሳምንት ሎሬታ የጉንፋኑን ክትባት ስትሰጥ ነበር። አንተ ትሠራበት የነበረው መድኃኒት ቤት እንደ ሠርግ ቤት ሞልቶ ዋለ። እኔን ትኩሳት ስላገኘችብኝ "ሲሻልሽ ነይ" ብላ መለሰችኝ። የእኔው ባል አጎትህ አምብሮዝ ግን ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ "ወይ ግደይኝ ወይ ልቀቂኝ" እያለ ሲያስቃት ቆይቶ ተወጋ። የዚያኑ ዕለት ማታ ትከሻዬን አለ። "በማዕበል መሐል ገመድ ስትጎትት ያላለቀስክ ሰውዬ በመርፌ ታለቅሳለህ?" ብዬ ሳቅሁበት።

ይኸው ሳምንት አለፈው፣ አልለቀቀውም። ሎሬታን ስጠይቃት "ይሄማ የታወቀ ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይተወዋል" አለች። ሁለት ሦስት ቀኑማ አለፈ ብላት ደግሞ "አንዳንዱ ሰው ላይ ይቆያል" አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንተ ያሠለጠንካት ስለሆነች አምናታለሁ። ቢሆንም የሙያው ሰው ነህና አንድ ቃል ጻፍልኝ። እኔ ክትባቱን ለከርሞ ይሁንልኝ ብያለሁ።

የምትወድህ አክስትህ ፊሎሚና


ደኒደን፣ ኒውዚላንድ
ዲሴምበር 10 ቀን 2017

እናቴን ለተካሽልኝ ለአክስቴ ለፊሎሚና፤

ጤናና የሞቀ ቤት ይስጥሽ። እዚህ በጋው ገብቷል፤ ገናን በአጭር እጅጌ ልናከብር ነው። ይህን ስትሰሚ እንደምታማትቢ አውቃለሁ።

ስለ አጎቴ ክንድ ሐሳብ አይግባሽ። ሰው ሲከተብ ክንዱ ያመዋል፣ ቦታው ይቀላል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ብጤ ይመጣል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይኸው ነው። በእኔ ባንኮኒ ፊት ቆሞ "ከተከተብኩ ወዲህ ፀጉሬ ረገፈ" የሚለኝ አለ፤ "ከተከተብኩ ወዲህ ባሌ አኮረፈኝ" ያለችኝም አለች። ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቼ ማስታገሻ ሸጬ እሸኛለሁ። ለአጎቴም ሞቅ ያለ ፎጣ አድርጊለት፣ ክንዱንም ያንቀሳቅሰው። ማማረር እንደሚወድ ደግሞ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሎሬታ የነገረችሽ ልክ ነው።

ያንቺው ደርሞት


ግሬፕል ወሽመጥ
ኤፕሪል 2 ቀን 2018

ለልጄ ለደርሞት፤

የትንሣኤው ብርሃን በቤትህ ይብራ። ደብዳቤህ በጥር ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ደግ ወሬ አግኝቼ ልጻፍልህ ብዬ ነበር፤ ደግ ወሬ ግን አልመጣም።

አምብሮዝ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት አቅቶታል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ስኒ እኔ ነኝ የማወርድለት። በዚያ ጎኑ መተኛት ስለማይችል ወንበር ላይ ያንቀላፋል። የሎብስተር ማጥመጃው ወቅት በዚህ ወር መጨረሻ ይከፈታል። በአንድ እጅ ወጥመድ ከባሕር የሚያወጣ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም።

እሱን ስጠይቀው "ባሕሩ ነው፤ ዕድሜ ልክ ገመድ የጎተተ ትከሻ ምን ይሆናል ብለሽ ነበር?" ይለኛል። እኔ ግን ነገሩ አይዋጥልኝም። ባሕሩ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስጎትተው ኖሮ ልክ በተወጋባት ማታ ነው ሥራውን የጨረሰው? ጠዋት እንጨት ሲፈልጥ ነበር እኮ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እንደ ባለመድኃኒት ሳይሆን እንደ ልጄ ሆነህ ንገረኝ። መርፌው ነው?

አክስትህ ፊሎሚና


ደኒደን
ሜይ 20 ቀን 2018

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የጻፍሽልኝን አነበብኩ፤ ስለ አጎቴ በጣም አዘንኩ።

አንድ ነገር ሌላውን ተከትሎ ስለመጣ በዚያኛው ምክንያት መጣ ማለት አይደለም። የሚነጋው ዶሮ ስለጮኸ አይደለም። በአጎቴ ዕድሜ፣ በአጎቴ ሥራ፣ ትከሻ ይደክማል፤ ከክትባቱ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ሐኪም ይየው።

አንድ ልመና አለኝ፤ ይህን ነገር በመንደር አታንሺው። እዚያ ወሬ ከነፋስ እንደሚፈጥን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ሰው ፈርቶ ሳይከተብ ከቀረ ክረምት ሲመጣ የሚያልቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የሎሬታም ስም ይጠፋል፤ ገና ልጅ ናት። አንቺ ደግሞ ሳንባሽ ደካማ ነው። በመጪው ኦክቶበር ከሁሉ ቀድመሽ እንድትከተቢ ቃል ግቢልኝ።

ደርሞት


ግሬፕል ወሽመጥ
ኦገስት 19 ቀን 2018

ደርሞት ልጄ፤

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውራችሁ። የሕፃኗን ፎቶ ከምድጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አፍንጫዋ የእናትህ ነው፣ ምስኪን።

የሎብስተሩ ወቅት መጥቶ ሄደ። አምብሮዝ በመጀመሪያው ቀን ከሎሬታ አባት ከክሌተስ ጋር ወጥቶ ነበር። እኔ ከመስኮት ሆኜ አያለሁ። ሁለተኛው ወጥመድ ላይ ገመዱ ከእጁ ሲያመልጥ አየሁት። ክሌተስ ተቀብሎ ጎተተለት። ሲመለሱ አምብሮዝ ከጀልባዋ ወርዶ ቁልፉን ለክሌተስ ሰጠው፤ "ዘንድሮ አንተ ያዛት" አለው፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ውሎው መረብ ማስቀመጫው ቤት ውስጥ ነው። ምሳ ስወስድለት እንኳ ቀና አይልም። ይህን ሰው ባሕሩ ቢወስደው ያን ያህል አላዝንም ነበር ማለት ኃጢአት ነው፣ ግን አስቤዋለሁ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄዷል። "ሥራህ ምንድን ነው?" "ዓሣ አጥማጅ።" "ዕድሜህስ?" "ሰባ ሦስት።" "እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?" ምርመራው ይህ ነበር። ስለ መርፌው ነገርከው ወይ ብዬ ብጠይቀው "ምን ብዬ?" አለኝ።

እንዳልከኝ በመንደር ትንፍሽ አላልኩም። አፍ መያዝ ግን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ፊሎሚና


ደኒደን
ሴፕቴምበር 23 ቀን 2018

ለውድ አክስቴ፤

ሰላም ላንቺና ለአጎቴ ይሁን። ዛሬ የምጽፈው አጭር ነው።

በዚህ ሳምንት የአካባቢያችን ፋርማሲስቶች ስለ ክትባት ሥልጠና ነበረን። እንዲያው ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሎሬታ አጎቴን ስትወጋው ሹራቡን አውልቆ ነበር? እሷስ ቆማ ነበር ወይስ ተቀምጣ? መርፌው የገባበትን ቦታ አጎቴ ያሳይሽና ከትከሻው አጥንት ጫፍ ምን ያህል እንደሚወርድ በጣትሽ ለክተሽ ጻፊልኝ።

መልስሽ እንዳይዘገይ አደራ።

ደርሞት


ግሬፕል ወሽመጥ
ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ደርሞት፤

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ዓመት ሙሉ እኔ ስጠይቅ አንተ ስትመልስ ኖረን ዛሬ አንተ ጠያቂ ሆንክ። ይሁን፣ እመልሳለሁ።

ሹራቡን አላወለቀም። ማን ያወልቃል? ያን ሥርዓት ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ? እዚህ ሽማግሌው ሁሉ ሹራብ በሹራብ ላይ ነው የሚደርበው። ሴቱ ሁሉ ቆሞ እያየ ሱቁ መሐል ሆድን ገልጦ መቀመጥ እያፈሩ ክትባቱን ሲተዉት፣ "የሹራቡን አንገት ወደ ጎን ሳብ አድርጉትና ትከሻችሁን ብቻ ስጡኝ" ያልካቸው አንተ ነህ። በዚያ ዓመት ያልተከተበ ሰው አልነበረም፤ ቄሱ ሳይቀሩ በስብከታቸው አመሰገኑህ። እኔማ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ከቤተ ክርስቲያን የወጣሁት። ሎሬታም ያንተኑ ነው የምታደርገው፤ እሱ ተቀምጦ፣ እሷ ከላይ ቆማ። ቦታውን ለካሁት። ከአጥንቱ ጫፍ አንድ ጣት እንኳ አይሞላም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። በዚህ ሳምንት ሎሬታ ዘንድ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "ከመውጋትሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ፤ የአምብሮዝን ትከሻ ያበላሸው መርፌሽ ነው?" አልኳት። "ኧረ እትዬ ፊሎሚና፣ የዕድሜ ነገር ነው፤ ደርሞትም እንደዚያው ነው ያለኝ" አለችኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

መርፌ የምፈራ እንዳይመስልህ። የዓሣ መንጠቆ ከመዳፌ በጉጠት ያወጣሁ ሴት ነኝ። ልጅቷ "አዎ፣ ተሳስቻለሁ፣ አሁን ግን አውቄዋለሁ" ብትለኝ እዚያው ክንዴን እሰጣት ነበር። ስህተቷን ያላየች ልጅ እኔ ላይ እንዳትደግመው ማን ዋስ ይሆነኛል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የደበቀው ባለመድኃኒቱ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አላውቅም።

እስከ ገና ድረስ ክትባቱ አለ ብላለች። እኔ ያንተን ደብዳቤ እጠብቃለሁ። "አዎ፣ መርፌው ነው" ብለህ ከጻፍክልኝ በማግሥቱ ሄጄ እቀመጣለሁ።

ፊሎሚና


ደኒደን
ኖቬምበር 18 ቀን 2018

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ዘወትር በጸሎቴ ለማልረሳሽ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና እንደ ባሕር አሸዋ ይብዛልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች፤ ወንበር ይዛ ቤቱን ትዞረዋለች፣ ስትወድቅ ደግሞ ወንበሩን ትቆጣለች። ንጋዮ አትክልቱን ተክላ ጨርሳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ከዚህ ጋር የበግ ፀጉር ጓንት ልኬልሻለሁ፤ ልክሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የዱር ፍሬውን ማርማላታ ዘንድሮም ሠርተሻል? ናፈቀኝ።

የጠየቅሽኝ ነገር በአንድ ገጽ የሚያልቅ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አንቺ ብቻ ተከተቢ። ስትሄጂ ሹራብሽን አውልቂና እጅጌሽን እስከ ላይ ጠቅልይ። ሎሬታንም "አንቺም ተቀመጪና ውጊኝ" በያት። ዝቅ አድርጋ፣ ክንድሽ ወፈር ከሚልበት ላይ ትውጋሽ። ለምን ብለሽ ግን አሁን አትጠይቂኝ።

ልጅሽ ደርሞት


ግሬፕል ወሽመጥ
ዲሴምበር 9 ቀን 2018

ደርሞት፤

ሰላም ለአንተ። ጓንቱ ደርሶኛል፤ ይሞቃል፣ ልኬም ነው። ማርማላታ ሠርቻለሁ።

"ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ" ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ ሆነህ የሰው መስኮት ሰብረህ ስትመጣ ልክ እንዲህ ነበር የምትለኝ። ያኔ አንድ ቀን እንኳ መትቼህ አላውቅም፤ ተቀምጬ እስክትናገር እጠብቅህ ነበር፣ አንተም ሁልጊዜ ትናገር ነበር።

ክትባቱ ጋ አልሄድኩም። እልህ ነው በለኝ፤ እልህም አለበት። ግን የእኔው ሰው የእኔን ጥያቄ እየሸሸ፣ እኔ ክንዴን ለማን ብዬ ነው የምዘረጋው?

መንደሩ ውስጥ ጉንፋኑ ገብቷል፤ ትምህርት ቤቱን ዘግተዋል። እኔም ትንሽ ሳል ጀምሮኛል፣ ቀላል ነው። ጻፍልኝ።

ፊሎሚና


ደኒደን
ዲሴምበር 30 ቀን 2018

አክስቴ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። አዎ። መርፌው ነው።

በዚያ ሥልጠና ላይ አሠልጣኟ አንድ ፎቶ አሳየችን። አንድ ሽማግሌ የሹራቡን አንገት ወደ ጎን ስቦ፣ ትከሻውን አውጥቶ፣ መርፌ ይጠብቃል። "እዚህ ላይ ስህተቱ ምንድን ነው?" አለችን። እኔ የታየኝ ስህተት አልነበረም። መንደሬን ነው ያየሁት።

ከዚያ አስረዳችን። አንገቱ ሲሳብ የሚገለጠው የትከሻው ጫፍ ብቻ ነው። መርፌው መግባት ያለበት ዝቅ ብሎ ከክንዱ ጡንቻ ላይ ነው፤ ከላይ ከተወጋ ግን መገጣጠሚያውን ያገኘዋል። የክትባቱ ጥፋት አይደለም፣ የቦታው ነው። ሕመሙ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይጀምራል፣ ለወራትም አይለቅም። እንዲህ የሚጎዳው ከብዙ ሰው አንዱ ቢሆን ነው፤ ግን ይደርሳል። በጊዜ ቢታወቅ ሕክምና ነበረው። አንቺ በመጀመሪያው ሳምንት ስትጽፊልኝ እኔ ፎጣ አሙቂለት አልኩሽ። አሠልጣኟ "ከዚህ በፊት ይህን የሰማችሁ?" ስትል ከዚያ ሁሉ ፋርማሲስት ጥቂቱ ብቻ ነው እጁን ያወጣው። እኔ አላወጣሁም።

አለማወቄን ይቅር ልትይኝ ትችያለሽ። ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለቴን ይቅር ትይው እንደሆነ ግን አላውቅም። ለመንደሩ ሰው ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ ውሸት ነው። ቄሱ ያመሰገኑትን ስሜን እየጠበቅሁ ነበር። ለአጎቴ በስልክ ልነግረው ደወልኩ፤ ድምፁን ስሰማ ስለ አየሩ ጠይቄው ዘጋሁ።

ሎሬታ ያደረገችው እኔ ያሳየኋትን ነው፤ አትፍረጂባት። ይህን ደብዳቤ ውሰጂና አስነብቢያት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፤ እባክሽ።

ደርሞት


ግሬፕል ወሽመጥ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2019

ደርሞት፤

ሰላም ለቤትህ። ጽሕፈት የእሷ ነበር፤ እኔ አልችልበትም፣ እንደምንም አንብበው።

ሞቷን በስልክ ስነግርህ "ጽፌላት ነበር፣ ጽፌላት ነበር" እያልክ አለቀስክ። ምን እንደጻፍክ ያን ጊዜ አልገባኝም። ደብዳቤው የመጣው ቀብረናት ከተመለስን በኋላ ነው። ስሟ ስላለበት ለመክፈት ፈርቼ ቆየሁ።

ሳሉ ወደ ሳንባዋ ወርዶ ነው የወሰዳት። ተከትባ ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። "ልትተርፍ ትችል ነበር፣ ላትተርፍም ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅም" አለኝ። ይህን የምጽፈው ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ ያለኝ ይኸው ስለሆነ ነው።

አሁን የእኔን ስማ። መርፌው እንደሆነ ከመጀመሪያው ማታ አውቃለሁ። ሰው ትከሻው ውስጥ የገባውን ነገር አያጣውም። ባሕሩ ነው ያልኩት ለእናንተ ብዬ ነው። አንተ ከዚህ መንደር ተምረህ የወጣህ ልጃችን ነህ። ሎሬታም የክሌተስ ልጅ ናት፤ አባቷ ገመዴን የጎተተልኝ ሰው ነው። አንድ ትከሻ ምን አላት፣ አንደዜ ሄዳለች አልኩ።

ሆስፒታል ልትገባ ዋዜማውን አልጋዋ ላይ ሆና "አንተስ አምብሮዝ፣ እውነቱን አትነግረኝም?" አለችኝ። "ባሕሩ ነው" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ውሃና ስለ ትራስ ነው።

ደብዳቤህን ለሎሬታ ወስጄላታለሁ። ባንኮኒው ጋ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ በሩን ቆለፈችና ተቀምጣ አለቀሰች። ሹራቤን እንዳወልቅ ረድታኝ ትከሻዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ለጤና ቢሮው ጽፋ አሳውቃለች፤ እሽት የሚያደርግልኝ ባለሙያም ፈልጋልኛለች። ክሌተስ ደግሞ ሽማግሌው ሳያፍር የሚያወልቅበት መጋረጃ ከሱቁ ጀርባ እየሰቀለ ነው። ከሰቀለው በኋላ እኔው ቀድሜ እገባለሁ ብዬዋለሁ፣ በሌላው ክንዴ።

አንተን አልረግምህም። የዋሸናት ሁለታችንም ነን፣ ያውም ለፍቅር ብለን። በዚህ ነገር ውስጥ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሳይነገራት የሞተችውም እሷ ብቻ ናት።

አጎትህ አምብሮዝ